የዲኤክሷ ቱቦና አበልጄ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት

ዛሬም ዲኤክስ መኪናዬ መንገድ ላይ ጠፋችብኝ። ቀጨኔ ዳገቱ ላይ፣ ከፊቴ ሚኒባስ ቆሞ፣ ከኋላዬ ጥሩምባ። ስረግጣት ደህና ናት። እግሬን ሳነሳ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ጭጭ። ሚኒሞ አትይዝም፤ ሳይረግጧት በራሷ መሥራት አቃታት። ከኋላ የጫንኳቸው የሰፈር ልጆች ሳቁ፣ አንዷ አለቀሰች። ት/ቤት አርፍደው ገቡ። የአንዷ እናት ደውላ ሌላ ሰርቪስ ልፈልግ ነው አለች። እውነቷን ነው። ግን እኔና ልጄ ናቲ የምንበላው ከዚህችው ዲኤክስ ነው፣ አንቺ ደብተር ታውቂዋለሽ።

ከሰዓት

አበልጄ ጋራዥ ሄድኩ። ግርማ። የናቲ የክርስትና አባት፣ የባለቤቴ የልብ ጓደኛ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ይህችን መኪና ከሱ በቀር የነካት የለም፤ ቁልፉን ሰጥቶ መሄድ ነው። አበልጅ ይጠረጠራል እንዴ! ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ። ሞተሩ አልቋል፣ ማሠራቱ አያዋጣም፣ ጭራሽ ሳትቆምብሽ ሽጫት፣ ገዢ አለኝ አለ። ላንቺ ብዬ ነው አለ። ሆዴ ባባ። እኔም የሚያስብልኝ ሰው አለኝ አልኩ በልቤ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ልቤ እምቢ አለኝ። ልጆቹን በመከራ አድርሼ ተመለስኩና ግቢ ውስጥ ኮፈን ከፈትኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሁድ እሁድ ሲነካካት አጠገቡ ቆሜ ባትሪ እይዝለት ነበር። እንዲህ ስትንቀጠቀጥ ከሁሉ በፊት አየር ጠርጥሪ ይለኝ ነበር። በማይሆን ቀዳዳ አየር ከሳበች ቤንዚኑ ይሳሳባታል፣ ትጠፋለች። እና የልብስ መተኮሻ ውሃ መርጫዬን አመጣሁ። ሞተሩ እየሠራ፣ ቱቦ በቱቦ ረጨሁ። ምንም። አሁንም ምንም። ከካርቡራተሩ ጀርባ ያለችው ቀጭን ቱቦ ላይ ስረጭ ውሃውን ሳበችውና ድምፁ ተለወጠ! ደገምኩት፣ ያው። ነቅዬ ሳያት ከሥሯ ተሰንጥቃለች። ስንጥቁ ቀጥ ያለ ነው፣ ምላጭ የነካው ይመስላል። አርጅታ ነው አልኩ።

አዲስ ቱቦ ገዝቼ አሰርኩ። ጸጥ አለች፣ የኔ እናት። ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ባለቤቴ ያሰረውን ሁሉ ቀለም ያስነካው ነበር፣ ከላላ እንዲያውቅ። እኔም የጥፍር ቀለሜን አምጥቼ ከማሰሪያው እስከ ቱቦው ቀይ መስመር ሳብኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ፍሬኗ ይጮሃል። እንደ ወትሮው ወደ አበልጄ። ስለ ቱቦው አልነገርኩትም፤ ራሱ አይቶ ይገረም፣ ጎበዝ ይበለኝ ብዬ። አንዳንዴ ልጅ ነኝ እኮ። ቁልፉን ሰጥቼ ጳውሎስ ሰፈር ጉዳይ ነበረኝ፣ ደርሼ መጣሁ። ፍሬኑ ተሠርቷል። ስለ አዲሱ ቱቦ አንድ ቃል የለም። ሞተሩ ግን ብሶበታል አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ከጋራዡ እንደወጣሁ መንቀጥቀጥ። ዳር ያዝኩ። ኮፈን። ቀዩ መስመር ለሁለት ተከፍሏል። ማሰሪያው ተፈቷል፣ ቱቦዋ እስከ ግማሽ ተጎትታ ወጥታለች። በራሷ የምትወጣ አይደለችም። የእግር ፍሬን ሊሠራ የገባ ሰው ካርቡራተር ጋ ምን አደረሰው?

ያ ምላጭም የሱ ነው በቃ። ልጄን አቅፎ ያስጠመቀ እጅ! አንተ ከሃዲ! እዚያው መንገድ ዳር መልሼ አሰርኳት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭስ በጭስ ነው። ዓይኔ ያነባል፤ ጎረቤት ጭሱ ነው ይላል፣ ይበል። ግርማ ደወለ። ገዢውን ነገ ይዞት ሊመጣ ነው፣ አጥበሻት ጠብቂን አለኝ። እሺ አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተለወጠም።

ባለቤቴ የሞተ ዕለት ደረቱን እየደቃ ያለቀሰው እሱ ነበር። ያኔም ያስመስል ነበር? ወይስ ኋላ ነው የተለወጠው? ይኼን ማን ይነግረኛል። ያንገበግባል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መጡ። ገዢ ተብዬው የግርማ ሚስት ወንድም! በናቲ ክርስትና እዚሁ ቤት የበላ ሰው። እንደማያውቀኝ ሆኖ ጨበጠኝ። ለካ በርካሽ ለቤታቸው ሊወስዷት ነው። ግርማ ሞተሩ ማለቁን ይነግረው ጀመር፣ እኔ እንድሰማ። ቁልፉን አዞርኩ። ኮፈኗ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ጠብ አላለም። ሰውየው መሬት መሬት አየ።

ግርማን ደስ ሊለው አይገባም ነበር? የጓደኛው መኪና ዳነች እኮ። ፊቱ ጠቆረ። ማን ነካት? ብሎ ተቆጣኝ።

ኮፈኑን ከፍቼ ቀዩን መስመር አሳየሁት። አልሸጥም፣ ሁለተኛ ቁልፏን እንዳትነካ፣ ግርማ፣ አልኩት። ከክርስትናው ወዲህ አበልጄ ሳልል በስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። በመስመሩ ሳይሆን በዚህ ደነገጠ።

ናቲ ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ ወጣ፣ እንደ ልማዱ ጉልበቱን ሊስም። አልከለከልኩትም። ሳመው። ግርማ ጎንበስ አላለም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ከዚያ ሄዱ።

ናቲ የክርስትና አባቴ ዛሬ ለምን አልሳመኝም ይለኛል። ከበሩ አልተነሳም፣ ረስቶ ነው፣ ይመለሳል እያለ ነው። የመኪናውንስ ጨረስኩ። ለዚህ ልጅ ግን ምን ብዬ ልንገረው?