የአባቴ ቀኝ እጅና የሊፍታችን ጠላቶች

ለተከበሩ የሕንፃችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ጥርጣሬዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እኛን ከመጠበቅ በሚተርፍዎት ሰዓት የጣፈጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር የምኖረው ልብስ ሰፊ ነኝ፤ «ምርመራው እስኪጠናቀቅ» ተብሎ የሊፍት ካርዳቸው የተዘጋባቸው ቤተሰቦች እኛ ነን። አባቴ ግማሽ ጎኑ ከታመመ ወዲህ ደረጃ መውረድ ስለማይችል፣ ከሕክምናው ተቋርጦ በመስኮት መንገዱን እያየ ይውላል። ይህን ደብዳቤ በመግቢያው በር ላይ የለጠፍኩት፣ በግል የጻፍኩልዎትን ሁሉ ለማስረጃነት ስላስቀመጡት ነው።

አንደኛ፣ ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ። ሊፍቱ ከሰዓት በኋላ እየቆመ ሲያስቸግር ሌላው ነዋሪ ዝም ብሎ ሲማረር፣ አባቴ በመስኮቱ አጠገብ ቀኝ እጁን ከፍ ዝቅ ማድረጉን ያስተዋሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያዘዘችለት እንቅስቃሴ መሆኑን ብናስረዳም፣ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ላይ ተቀምጦ ሊፍቱን ለሚያቆም ግብረ አበር የሚሰጥ ምልክት ነው ብለው ወሰኑ። ፈርተን መጋረጃውን ስንዘጋ «ተነቃባቸው» ተባልን፤ ስንከፍተው «ተደፋፈሩ» ተባልን። እንግዲህ የአባቴን እጅ የት እናድርገው?

ሁለተኛ፣ ሙያዬ መርፌ ነውና በሙያዬ ልናገር። ልክ ያልሆነ ልብስ የሚታወቀው በእራፊው ብዛት ነው። ግብረ አበሩ ተፈልጎ ሲጠፋ «ረቂቅ ሰው ነው» ተባለ፤ የጥገና ሠራተኛው ሞተሩ ግሏል ቢል እሱም ከሴረኞቹ ተደመረ፤ በደመናማ ቀን ሊፍቱ ለምን አይቆምም ሲባል፣ ምልክቱ በደንብ ስለማይታይ ነው ተባለ። ይቺኛዋን እኔም አድንቄያታለሁ።

የእኔ ማብራሪያ ድሃ ነው፤ አዲስ ሰው አያስፈልገውም። ሰርጎ ገብ እንዳይገባ ብለው የሞተር ክፍሉን መስኮት በቆርቆሮ አስመቱት፤ ሊፍቱ መቆም የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ክፍሉ ፀሐይ ሲመታው ይታፈናል፣ ሞተሩ ይግልና ይቆማል፣ ሲበርድለት ይነሳል። ለምን ከሰዓት በኋላ፣ ለምን ደመና በሌለ ቀን፣ ለምን ከቆርቆሮው ወዲህ የሚለውን ሁሉ ይኸው አንድ ነገር ይመልሰዋል፤ አባቴን ሳይነካ።

ሰው አያሴርም አላልኩም። አክስቶቼ በአንድ ወቅት ሳላውቅ ሊድሩኝ አሲረውብኝ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ታናሽየዋ አፏን መያዝ አቅቷት እኔው ዘንድ መጥታ ዘረገፈችው። የእርስዎ ሴረኞች ግን በየስብሰባው እየበዙ ሄደው አንድም ወሬ የሚያመልጠው አልተገኘባቸውም። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው በዚህ ሕንፃ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ ቆርቆሮው ለአንድ ከሰዓት ብቻ ይነሳና እንየው፤ ሊፍቱ ያኔም ከቆመ ጥፋተኛ ነን ብዬ እፈርማለሁ ብዬዎት ነበር። እርስዎ ግን «ባይቆምም ሴረኞቹ ሊያዘናጉን አርፈው ነው የሚሆነው» አሉኝ። በእውነት የጨነቀኝ ያኔ ነው። ከቆመ እኛ ነን፣ ካልቆመም እኛ ነን። የተዘጋ በር ቢሆን ይንኳኳል፤ ለዚህ ሐሳብዎ ግን የማንኳኳው በር አጣሁለት። እኔ እዚሁ ልብስ እየሰፋሁ መክረም እችላለሁ፤ የአባቴ እጅ ግን ሕክምናውን ካላገኘ እንደታጠፈ ሊቀር ነው፣ ምርመራዎ እስኪያልቅም አይጠብቅም።

የማያልቀውን ምርመራዎን ከከፍታ ላይ በአክብሮት እየተከታተልኩ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ሊፍት የሚያቆም አባት ስላገኙልኝም ውለታዎን ሳልዘነጋ፣
መውረጃ ያጣችው ጎረቤትዎ፣
የሰባተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ጠዋት ግቢውን ሲያቋርጡ ቀና ብለው አባቴን አዩት፤ ስልክዎን አውጥተውም ፎቶ አነሱት። እጁ ከታመመ ወዲህ ግንባሩ ጋ ሲደርስ ያ የመጀመሪያው ነበር። ምልክት መሆኑን አልክድም፤ ለማን እንደሆነም ጠይቄው ነግሮኛል። እርስዎን ሰላም እያለ ነበር።