«ፍሪ ሁኚ» የሚለኝ ሰውዬ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከሥራ መልስ።

ዛሬም ፋብሪካ ውስጥ የብርድ ልብስ ጠርዝ ስሰፋ ዋልኩ። ትከሻዬ ደንዝዟል። ደ/ብርሃን ብርዷን ጀምራለች። ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ስሰፋ ውዬ ማታ ስንቀጠቀጥ አስበኝ፣ ደብተሬ።

አዲሱ የክፍል ኃላፊያችን ከመጣ ጥቂት ጊዜው ነው። ሙሉ ስሙን አልጽፍልህም፤ ገጽህን አላበላሽም። ሀ. ይበቃዋል። አፉ ላይ አንዲት ቃል ተጣብቃለች፦ ፍሪ። ሰው ያልያዘው ማሽን ፍሪ ነው። ሻዩን ያለ ስኳር ሲያዝ «ከስኳር ፍሪ» ይላል። ዛሬ ከኋላዬ መጣና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «ምን ያስጨንቅሻል? ፍሪ ሁኚ» አለኝ። እጁ እዚያው ቆየ። ወረድ አለ። ፍሪ የሆነው እጁ ነው። እኔማ መርፌው ጣቴን እንዳይበሳኝ ትንፋሼን ይዣለሁ።

ትዕግሥት አይታለች። አጠገቤ ነው የምትሰፋው፤ ቤትም አብረን ነው የተከራየነው። የመዘዞ ልጅ ናት። ባጃጅ ውስጥ ነገሩን ሳነሣባት ሳቀች። ጠባዩ ነው አለች። አንቺ የቄስ ልጅ ስለሆንሽ ሁሉም ነገር ኃጢአት ይመስልሻል አለች። እራት ለየብቻ በላን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14።

ሀ. ነገ ከሰዓት ፍሪ ነሽ ወይ አለኝ። አይደለሁም። እሑድስ? ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ በኋላስ? ልብስ አጥባለሁ። ልብስ ማጠብ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። በመኪናው አንኮበር ድረስ በፍሪ ያደርሰኛል፣ ቤተሰቤን ጠይቄ እመለሳለሁ። በፍሪ! የአንኮበርን መንገድ አውቀዋለሁ። ጭጋጉን፣ ቁልቁለቱን፣ ሰው የማያልፍበትን ቦታ ሁሉ። ሚኒባስ አለልኝ አልኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

ከምሳ በኋላ ከትርፍ ሰዓት ሥራ ስሜ ተሰርዟል። ምክንያት የለም። ቦታዬ ለትዕግሥት ተሰጠ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16።

አባዬ ጋ ደወልኩ። ልነግረው አላሰብኩም ነበር፣ አመለጠኝ። ኃላፊያችን ፍሪ ሁኚ እያለ ያስቸግረኛል አልኩት።

«ፍሬ?» አለ። «ፍሬ ሁኚ ማለት ምን ክፋት አለው ልጄ?»

ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ። አይደለም አባዬ፣ የፈረንጅ ቃል ነው፤ ነፃ ሁኚ፣ አትፍሪ እንደማለት ነው።

«ይነካሻል?»

በቀጥታ እንዲህ አለኝ። ስብከት ላይ እንኳ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ሰው። አዎ አልኩ።

«ለአለቆቹ ንገሪ። እምቢ ካሉሽ ቤትሽ አለ።»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19።

ስብሰባ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከፊታችን ቆሞ ምን አለ መሰለህ? «ችግራችሁን ፍሪ ሆናችሁ ተናገሩ።» ከሌላ አፍ ስሰማው ጭራሽ ደሜ ፈላ። አንዱ ስለ ሰርቪስ ተናገረ፣ ሌላዋ ስለ ምሳው። እጄን አወጣሁ። የክፍል ኃላፊያችን ይነካካኛል፣ እምቢ ስለው ትርፍ ሰዓት ከለከለኝ አልኩ። ሀ. እግሩን አነባብሮ ፈገግ ብሏል።

ያየ ሰው አለ ወይ ተባልኩ። ትዕግሥት አለች አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«እኔ ያየሁት ነገር የለም» አለች፣ ጫማዋን እያየች።

በየባጃጃችን ወደ ቤት ሄድን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወ/ሮ አልማዝ አስጠራችኝ። አዎ፣ አስጠራችኝ፤ አንቱታው ይቅርባት። ነገሩ ተጣርቷል፣ ማስረጃ አልተገኘም፣ እሱ ፍሪ ነው። «አንቺ ግን ነገሩ እስኪበርድ ለጊዜው ከሥራ ፍሪ ብትሆኚ ይሻላል።» ያለ ደመወዝ ወይ አልኳት። ወረቀት ታገላብጣለች። እሱን ነፃ ያወጣችበትም፣ እኔን ያባረረችበትም ቃል አንድ ነው። ምላሷን እንኳ አላደናቀፋትም። አማርኛ አይችሉም ወይ አልኳት። ጥበቃ ጠራች።

በር ላይ ሁለት ወንዶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ድሮም ፍሪ ናት እኮ አለ አንዱ። ልቅ ናት ማለቱ ነው። እኔን! ዞሬ አፍጥጬ አየሁት። ዓይኑን ሰበረ።

ቤት ገብቼ ልብሴን ሰበሰብኩ። ትዕግሥት የት ልትሄጂ ነው አለችኝ። ድስቱንም ይዤ ወጣሁ። የኔ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 1። አንኮበር።

ጭጋግ። የግቢያችን አጥር አይታይም። ባቄላ ስለቅም ዋልኩ። አባዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ዕረፍት ወጥታ ነው ይላል። በኔ ምክንያት ቄስ ሲዋሽ። ተናደድኩበት። ቀጥሎ በራሴ ተናደድኩ። አሁን በባቄላውም ተናድጃለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4።

ትዕግሥት ደወለች። ዘጋሁባት። ደጋገመች። አነሣሁት፣ ልሰድባት። እያለቀሰች ነው።

ሀ. ትናንት ዕቃ ቁጠሪ ብሎ መጋዘን ጠራት። በሩን ዘጋው። ጮኸች፣ ገፈተረችው፣ እጅጌዋ ተቀዶ ወጣች።

ደስ አለኝ። ትንሽ። ላንተ አልዋሽም። ከዚያ በራሴ አፈርኩ።

«ያን ቀን አይቻለሁ» አለች። «እጁ የት እንደነበር አይቻለሁ። ትርፍ ሰዓቱን ፈልጌው ነው ዝም ያልኩት።»

አሁንስ ምን ልታደርጊ ነው አልኳት።

«ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ነበር። ብቻዬን ፈራሁ። ትመጪልኛለሽ?»

ስልኩን ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ጠዋት፣ ሚኒባስ ውስጥ።

ለአባዬ ነገርኩት። ይቅር በያት አለኝ። ዛሬ አይደለም አባዬ አልኩት። አልተቆጣም። ጋቢውን ደርቦ እስከ መኪናው ሸኘኝ።

ጣቢያው በር ላይ ጠብቂኝ ብዬ መልእክት ላክሁላት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ወስኛለሁ፦ እሷ ቃሏን ስትሰጥ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ የራሴን እሰጣለሁ፣ በአማርኛ፣ አንድም ሳላስቀር። ይቅር አላልኳትም። ቤትም አብሬያት አልመለስም። ግን ብቻዋን አትገባም።

ደ/ብርሃን ገባን። ፀሐይ ወጥታለች። ጣቢያው ታየ። ትዕግሥት በሩ ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋን ተከናንባ። ከኋላዋ ደግሞ ሌሎች አሉ። የኛ ክፍል ልጆች ናቸው እንዴ? ያቺ ስለ ምሳው የተናገረችው አይደለችም? ያቺኛዋስ… ቆይ፣ ወራጅ አለ ልበል