የሶታሮ ሱቅ አይዘጋም

ይድረስ ለልጄ ለናጊሳ፤ የኦሳካ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን።

የወንድምሽን የሶታሮን ሙት ዓመት አሰብን። በጃዝ አዋዝቶ የሠራቸውን የሂፕሆፕ ሸክላዎች የሚወዱ ወጣቶች ሺቡያ ያለውን ሱቁን ሞሉት። «አባባ፣ አደራ እንዳይዘጉት!» ይሉኛል። ዘግቼስ የት አባቴ እሄዳለሁ? ዞር ካልኩ እናትሽ ሶታሮን ልትቀበል ብቻዋን ወደ ባቡር ጣቢያው ትወርዳለች፤ ስለዚህ በሩ ላይ ወንበር ይዤ እውላለሁ።

አንዱ ወጣት ሶታሮ ሙዚቃውን እንዴት እንደሠራው እናትሽን ቢጠይቃት፣ «ሸክላ ሊገዛ ወጥቷል፤ ሲመጣ ራሱን ጠይቀው» አለችው። ሁሉም ሳቁ። የሶታሮን ሻይ፣ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ወግ ከፎቶው ፊት ማቅረቧን ትታ፣ ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ አኖረችው፤ እንዳይቀዘቅዝም ከደነችው።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ስትመጪ ማን እንደሆንሽ እንዳይጠፋት ገና ከበሩ ስምሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪ።

አባትሽ ሞቶሂሮ