የእህትሽ ሁለት ማህፀን

የሆዴ ፍሬ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ጨዋታው እንዳለ ነው።

እህትሽ ወለደች። እንዳትጨነቂ ብዬ የደበቅሁሽ ነገር ነበር። ሁለት ጊዜ ካስወረዳት በኋላ ዘንድሮ አርግዛ በአልትራሳውንድ ስትታይ ማህፀኗ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ፣ “አፈጣጠሯ ነው፤ ብዙ አይገጥመንም። ልጁ ያለው በአንደኛው ነው፤ ስለሚጠበው ቀኑ ሳይደርስ ሊመጣ ይችላል” አለችን።

እህትሽም፣ “ታዲያ የፊተኞቹ የወረዱት በእኔ ጥፋት አልነበረም ማለት ነው?” አለቻት።

“በፍጹም፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም” አለቻት ሐኪሟ።

ይሄኔ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለካ “ከባድ ዕቃ ስላነሳሁ ነው” እያለች ያን ሁሉ ጊዜ ውስጥ ውስጡን ስትብሰለሰል ኖራለች።

ልጅቷ እንደተፈራው ቀኗ ሳይሞላ በኦፕራሲዮን ተወለደች። ማሞቂያ ክፍል ከርማ አሁን እቤት ገብታለች፤ ጡት ላይ ቀልድ አታውቅም። አባትሽ “ቤት አማርጣ የመጣች እመቤት” ይላታል።

አንቺም እንደ እሷ ሳታውቂው እንዳትኖሪ፣ ሥራ በዛብኝ ሳትዪ አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ጎራ በዪልኝ። ለእህትሽም ደውዪላት። ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ስለ ሕፃኗ ነው፤ አንቺ “አንቺስ እንዴት ነሽ?” በያት።

እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን፣ ልጄ።

እናትሽ