ከአጥሩ ውጭ የተቀበሩት ቅድመ አያት

ስሎን ክሪክ፣ ኬንታኪ
ሜይ 31 ቀን 1982

የናፈቅሽኝ ልጄ ኮሪን፣

አንቺስ፣ ሕፃኑስ ደህና ናችሁ ወይ? እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን አሁንም ያመዋል፤ ሐኪም ጋ ሂድ ስለው የሰደብኩት ያህል ይቆጣል።

ትናንት መቃብር የምናጸዳበት እሑድ ነበር። አረሙን ነቅለን፣ አበባውን አስቀምጠን፣ ዛፉ ሥር ምግብ ዘርግተን ሳለ ማን ብትመጣ ጥሩ ነው? የአክስቴ ልጅ ቨርሊን። የጥርስ ሐኪም ካገባች ወዲህ እዚህ ስትመጣ አፍንጫዋን ይዛ ነው። ከሱቅ የተገዛ ኬክ ይዛ፣ ነጭ ጫማ አድርጋ ጭቃው ውስጥ! የቅድመ አያታችንን የዘሬልዳን ዘር ስትቆጥር ከርማ፣ ለካስ እኛ አጠገባቸው የተቀበረው የሻምበል ፕሩይት ዘሮች ኖረናል። የዕብነ በረድ ሐውልት አስጭና መጥታለች፤ «የሻምበል ፕሩይት ውድ ባለቤት» የሚል ተቀርጾበታል።

ማስረጃዋን ብትሰሚ ትስቂያለሽ። ዘሬልዳ የተቀበሩት ከፕሩይት በስተግራ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ሚስት በባሏ ግራ ትቀበራለች። አለቀ። ይቺን ይዛ ሰው ፊት ቆማ ንግግር አደረገች። የሰው ልብስ ሲያጥቡ እጃቸው የተላጠውን ሴትዮ የተከበሩ እመቤት አለቻቸው። ጨዋነታችን ከሳቸው የመጣ ነው አለች። እሷ ጋ ሲደርስ የት እንደጠፋ ግን አልነገረችንም።

ዝም ልል ነበር፤ እንዲያውም አፌን በዳቦ ሞልቼ ነበር። ግን ያመጣቻቸውን ሠራተኞች ያንን የዘሬልዳን የድሮ መቃብር ድንጋይ ነቅላችሁ ጣሉት ስትላቸው አልቻልኩም። ልጆቻቸው ከወንዙ ተሸክመው ያመጡት ድንጋይ እኮ ነው።

«ቨርሊን፣ ዘሬልዳ ባል አልነበራቸውም» አልኳት። «አራት ልጅ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ለዚህም ነው ቤተ ክርስቲያኑ አጥሩ ውስጥ አላስቀብርም ያላቸው። ፕሩይትሽ ደግሞ ሰክሮ ወንዝ የወሰደው አረቄ አውጪ ነው፤ እሱንም እዚያው ውጭ ጣሉት። ሻምበል ያሉት ሲሰክር ዛፎቹን ሰልፍ ስለሚያሠለጥን ነው። ኋላ መቃብሩ ሲሞላ አጥሩን ወደዚያ ገፉት እንጂ፣ ሁለቱ ሰላምታም አልነበራቸውም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ይሄን የማያውቅ አልነበረማ።

ቨርሊን ፊቷ ቀላ። «ያለ ባል መውለድ ሰው ፊት ይወራል? አታፍሪም፣ አርዲት?»

ያኔ አባትሽ ሳህኑን አስቀምጦ ተነሣ። አንቺም እንዲሁ መውለድሽን ከሰማ ወዲህ ስምሽ ሲነሣ ጓሮ የሚገባው አባትሽ! እያነከሰ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«የሚነቅል ካለ ይምጣ» አለ።

ማንም አልመጣም። ቨርሊን ዕብነ በረዷን መልሳ አስጭና ሄደች። ሳሎኗ ውስጥ ጠረጴዛ ታድርገው።

እራት ላይ አባትሽ የልጅሽ ስም ማን ነበር አለኝ። ነገርኩት። እራቱን ጨርሶ ወጣ።

እግዚአብሔር ክፉውን ሁሉ ከደጃችሁ ያርቅልኝ። ልጁን ጉንጩን ሳሚልኝ። ይሄን ስጽፍልሽ አባትሽ ያንቺን የሕፃንነት አልጋ ከጣሪያው ሥር አውርዶ በረንዳ ላይ እያጠበው ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

እናትሽ አርዲት