የደጃችን መብራት

የተወደድሽ እህቴ ሜርሊዝ፣

እማ “እግዚአብሔር ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ወፍራም ካልሲ አድርጊ በላት” ብላለች። እዚህ ሳዘርላንድ በረዶ ጥሏል፤ በጎቹ ደህና ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን እማ አላጻፈችኝም። በሟቹ ወንድማችን በኤልሪኮ አሮጌ ካሜራ ከዋክብት ፎቶ ማንሳት ጀምሬያለሁ። የባቄላ ከረጢት ላይ አስደግፌ ሌንሱን ሃያ ሰከንድ ክፍት አቆየዋለሁ። የደጁ መብራት ግን ሰማዩን ያነጣብኛል። ኤልሪኮ ከሥራ ሲመለስ እንዲያይበት እማ ታበራው የነበረውን፣ ከቀብሩም ወዲህ አንድም ሌሊት ያላጠፋችውን መብራት ማክሰኞ አጠፋሁት።

እየሮጠች ወጣች። “ማነው ያጠፋው?”

“መብራት ሄዶ ነው፣ እማ።”

“ታዲያ ፍሪጁ በምን ያጉረመርማል? በጸሎት?”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካሜራውን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ትናንት ማታ እማ ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ። “ስንት ሰከንድ ነው የምትፈልገው?”

“ሃያ።”

መብራቱን አጥፍታ ጮክ ብላ ቆጠረች። ጣቷ ማብሪያው ላይ፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር። ሃያ እንዳለች አበራችው።

ፎቶው አምሯል፤ ላሳያት ግን አፈርኩ። ስትደውዪ ስለ ውሸቴ እማን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ እኔን እስካሁን አፌ አልታዘዝ ብሎኛል። በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ ዴቫኖ