ዶሮ የሚጮኽበት ድምፅሽ

ሙሉዬ፣

ሁሉም አፈሩን ገለባ ያድርግልሽ ብለው ተሰናብተውሽ ሄዱ። እኔ የአገርሽን አፈር አውቀዋለሁ፤ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው። ስለዚህ በምርቃት አልጀምርም። ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው፣ እህትሽ ለሙት ዓመትሽ ጌሾ እየወቀጠች ነው፣ እኔም እንደተናደድሁ ነኝ።

የቤቱን ልንገርሽ። የጓሮው በር ማጠፊያው ወልቆ በድንጋይ ተደግፏል። መብራት ሲመጣ የሰቆጣ ሰው አሁንም ስልኩንና ቻርጀሩን ይዞ ይሯሯጣል። ላፕቶፕሽ ከመጻሕፍቴ ጎን ተቀምጧል፤ እነዚያ የወለቁ ቁልፎች እንደወለቁ ናቸው።

ሳምንቱን ሙሉ አምደወርቅ ጤና ጣቢያ ስታዋልጂ ሰንብተሽ፣ ቅዳሜ በሚኒባስ ሰቆጣ ስትደርሺ ከእኔ ቀድመሽ እሱን ነበር የምትከፍቺው። ኔትወርክ በጠፋባቸው ዓመታት ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያነሳ፣ አንቺ በፍላሽ የመጣልሽን የኮድ መማሪያ ይዘሽ ተቀመጥሽ። አዋላጅ ነርስ ኮድ ምን ያደርግላታል ብዬ ነበር። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሥራዬ ጥፋትን ካለፈ በኋላ ማብራራት ነው። አንቺ ሳይደርስ ማስቆም ነበር የፈለግሽው።

የአገርሽ ሴቶች የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር ሲባሉ ቀን አይቆጥሩም። «የሚካኤል ማግስት»፣ «የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ» ይላሉ። አንቺም አፑ ላይ በቁጥር ፋንታ በዓላቱን ደረደርሽ። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዓሉን ትነካለች፤ ስልኩ ያለ ኔትወርክ የመውለጃውን ቀን ያሰላል፤ ቀኑ ሲቃረብ ሠራተኛዋ ስልኩን ይዛ ወደ እናትየዋ ቤት ትወርዳለች፤ ከስልኩም ያንቺ ድምፅ በአገርሽ ቋንቋ በኽምጣንጋ ይወጣል፦ ጊዜሽ ደርሷል፣ ወንዙ ሳይሞላ ተነሽ፣ እናቶች ማቆያው ውስጥ እንጠብቅሻለን።

መጀመሪያ የሠራሽው ጳጉሜን ረስቶ ነበር። ክረምቱን ተሻግረው የሚወልዱት ሁሉ ቀናቸው ዘገየ፤ አንዷም ስልኩ አፉን ሳይከፍት እቤቷ ተገላገለች። ደግነቱ ሁለቱም ደኅና ነበሩ። ካስተማርሻቸው የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምላሰኛዋ ዝናሽ፣ «እንዴ ሲስተር፣ መንግሥት ለጳጉሜ ደመወዝ ስለማይከፍል ልጁም አይወለድም ብለሽ ነው?» ስትልሽ፣ በሳቅ ብዛት ወንበሩን ይዘሽ ነበር የቆምሽው። አምስቱን ቀን አስገባሽ። ስድስተኛዋን፣ በዘመነ ሉቃስ ብቻ የምትመጣዋን፣ ሉቃስ ሲደርስ አስገባታለሁ ብለሽ አሳደርሻት።

ኩላሊትሽ ቀደመ። ሪፈር ተጻፈልሽ፤ መንገድ ግን ሪፈር አያነብም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አለኝ። ወደ ሆስፒታል ይዘንሽ ስንሄድ ኬላው ላይ ተመለሱ ያለን ሰው ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ እግዚአብሔር አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። ባለፈው ወር እዚህ ሰቆጣ አዳራሽ ውስጥ አፕሽን «በአዲስ መልክ» መረቁት። ባነር ነበረው፣ የታሸገ ውኃ ነበረው፣ ያንቺ ስም አልነበረውም። አፕሽን የተረከበው ፕሮጀክት አስተባባሪ ባለድርሻ አካላትን አመሰገነ። አንቺም ከነሱ መሀል ሳትሆኚ አትቀሪም፤ በሕይወት ሳለሽ ሲስተር ነበርሽ፣ ሞተሽ አካል ሆንሽ።

ከዚያ አዲሱን አሰሙን። በዓላቱ ወጥተው የፈረንጅ ቀን ገብቷል። በድምፅሽ ቦታ ደግሞ አንዲት የከተማ ሴት በጠራ አማርኛ «ውድ ተጠቃሚያችን» ትላለች። አሮጌዎቹ ስልኮች ተሰብስበው የውስጣቸው እንደሚጠፋም ተነገረን። ቅጂው ላፕቶፕሽ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ድምፅ ማንንም ከቤቷ አያስነሳም።

እጄን አወጣሁ። ለምን ቀየራችሁት አልኩ። አስተባባሪው ትሑት ልጅ ነው፤ «መምህር፣ የድሮው ድምፅ የጥራት ችግር አለበት። መሀል ላይ ዶሮ ይጮኻል» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ይጮኻል። ቀዩ ዶሯችን ነው። በቀረጽሽ ቁጥር እየጠበቀ ሲጮህብሽ፣ በመጨረሻ «እሱም ይግባ፣ አገሩ ነው» ብለሽ ተውሽው። ለፋሲካ አረድነው። እንግዲህ በዚያ ድምፅ ውስጥ ያላችሁት ሁለታችሁም የላችሁም። አስተባባሪው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ባለማወቁ ይቅር ልለው ግን አልፈለግሁም። አሁንም አልፈለግሁም።

እኔ ሳልቀመጥ ዝናሽ ከኋላ ተነሣች። «ይችን ሴትዮ እኮ እናውቃታለን» አለች፣ «ሒሳብሽ አልቋል የምትለዋ ናት። ለሷ ብላ ምጧን ይዛ ገደል የምትወጣ ማን አለች?» አዳራሹ ሳቀ። አስተባባሪው አስተያየቱ ተወስዷል አለ። ወዴት እንደተወሰደ አልነገረንም።

የርክክቡ ቀን እነዝናሽ አዲሶቹን ስልኮች ፈርመው ተቀበሉ። አሮጌዎቹን በተመለከተ ግን አንዱን ወንዝ ወስዶታል፣ አንዱን በቅሎ ረግጣዋለች፣ የዝናሽን አይጥ በልቶታል ተባለ። አይጥ ስልክ ይበላል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም።

ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትሽን ለባልደረቦችሽ ልነግር አምደወርቅ ወረድሁ። እናቶች ማቆያው በር ላይ፣ ያን ዕለት ከቆላ የወጣች ነፍሰ ጡር እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። አይጥ የበላው ስልክ ከዝናሽ ጋር ነበር። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ በኽምጣንጋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ቋንቋሽ ሰላምታ ላይ እንዳለቀብኝ ታውቂያለሽ፤ ዝናሽ ተረጎመችልኝ። «ያች የጠራችኝ ሴትዮ የት አለች? ዶሮዋንም አላየሁት» ነው ያለችው።

ለካ ዝናሽ ለእናቶቹ መሞትሽን አልነገረቻቸውም። ፈቃድ ወጥታለች ነው የምትላቸው። ይህንንስ ምን ብዬ ልቆጣ? አፌን ለቁጣ እንደከፈትሁ «አዎ፣ ፈቃድ ላይ ናት» አልኩ። ዝናሽ ወደ ሌላ ወገን ዞረች።

ሙሉዬ፣ ሉቃስ እየቀረበ ነው። አዲሱን የሠሩት ሰዎች ጳጉሜ ምን እንደሆነች ግድ የላቸውም፤ አሮጌውን ደግሞ ያላንቺ የሚነካው አልነበረም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዝናሽ ትመጣለች፣ ላፕቶፕሽን እንከፍታለን፣ ካንቺ የለቀመችውን ኮድ ታስተምረኛለች። ክፉ አስተማሪ ናት። «መምህር፣ ይችን እኮ ባለፈው ነግሬዎታለሁ» ትለኛለች፣ እኔ ተማሪዎቼን በምልበት ድምፅ። ትናንት አንዲት ምልክት ረስቼ አፑ በሙሉ ሲቆም፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ ለምን ለራስሽ ትነጫነጪ እንደነበር ገባኝ።

እንዴት እንደማስብሽ ልንገርሽና ላብቃ። ጸሎተ ፍትሐቱን ካህናቱ ያደርሱታል፣ ድግሱን እህትሽ ይዛዋለች። እኔ ያሳደርሻትን ስድስተኛ ጳጉሜ አስገባታለሁ። ደመወዝ የሌላት ቀን ናት፤ ላንቺ ትሁን። በዚያች ቀን አንዲት ሴት ከቆላ ከተነሣች፣ አንቺ ጠርተሻት ነው።

ዶሮውን አልነካውም።

ባልሽ